ጉበታችንን ለማዳን ወንዝ የወረደው ሰው፦ ዶ/ር አክሊሉ ለማ

ማለዳ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ዓሣ አጥማጆቹ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው መረብ ይፈታሉ፣ ልጆች ይንቦጫረቃሉ፣ ወፎቹ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ራቅ ብሎ ልብሱን የሚያጥብም አይጠፋም። የሀዋሳ ልጅ ሆኖ ሐይቁ ውስጥ እግሩን ያልነከረ ማን አለ? እኛም ነክረናል።

ግን እዚያው ዳር ላይ፣ ሣሩ ውስጥ፣ ማንም ልብ የማይለው ትንሽ ቀንድ አውጣ አለ። አንዳንዱ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል ያድጋል። በሐይቃችን ዙሪያ በተማሪዎችና በዓሣ አጥማጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሽታው እንዳለ አሳይተዋል። ይህ ትል ደግሞ ዝም ብሎ ቆይቶ ቆይቶ የሚጎዳው ጉበትን ነው።

ዛሬ የምንነግራችሁ ይህን ቀንድ አውጣ ሲከታተሉ ስለኖሩ ኢትዮጵያዊ ነው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ ይባላሉ።

አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አሜሪካ ሄደው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። በ1964 ዓድዋ ወርደው ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ ገና 30 ዓመት እንኳን አልሞላቸውም። ያኔ ብዙዎቻችሁ አሁን ባላችሁበት ዕድሜ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያለው ውኃ ላይ ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ ተንሳፏል። ከዚያ በላይ ያለው ግን በሕይወት አለ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። አዎ፣ እናቶቻችንና አያቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት የኖሩት ያው እንዶድ። አክሊሉ ከሴቶቹ አንዷን ለምነው ከእንዶዱ አረፋ ትንሽ ሕይወት ያለው ቀንድ አውጣ ላይ አስጨመሩ። ቀንድ አውጣው ወዲያው ሞተ።

በቃ፣ ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ያን ውኃ ስንትና ስንት ሰው አልፎበታል። ቆም ብለው ለምን ብለው የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው።

ቀንድ አውጣው መሞቱ ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ የበሽታውን መንገድ እንንገራችሁ። በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲፀዳዳ እንቁላሉ በዝናብ ታጥቦ ውኃ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወደ ውኃው ይለቀቅና ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሌለ መንገዱ መሐል ላይ ይቆረጣል። ይህ በሽታ ዓሣ በመብላት አይመጣም፣ የሚገባው በቆዳ ነው።

አክሊሉ አዲስ አበባ ተመልሰው በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 ደግሞ ዓድዋ ላይ እንዶድን ወንዞቹ ውስጥ እየጨመሩ ውጤቱን ለኩ። ከከተማው ሰው 63 በመቶው ቢልሃርዚያ ነበረበት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው ጠንካራውን መረጡ። እሱም ዝርያ 44 ተባለ።

ከዚህ በኋላ ዓለም አጨበጨበ ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ትልልቆቹ የውጭ ተቋማት ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራውን የደኅንነት ምርመራ ለመቀበል አመነቱ። ምርመራው በእነሱ ደረጃ ውጭ ሀገር ይደገም ተባለ። በዚህ ምልልስ ዓመታት አለፉ። አክሊሉን ከገንዘብ እጥረት በላይ ያንገበገባቸው አፍሪካዊ የሠራውን ምርምር ውጭ ያለውም፣ ሀገር ውስጥ ያለውም አለማመኑ ነበር። በ1989 ሁለቱ ሳይንቲስቶች አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ስዊድን ላይ ተቀበሉ። ይህ እንግዲህ ከዓድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም ሠርተዋል፣ ከእነዚህ አንዱ ጣሊያን ፍሎረንስ ያለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጉዳይ ማዕከል ነው። በ1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በስማቸው ተሰየመ። እኛ ግን ብዙዎቻችን ስማቸውን ሳንሰማ አድገናል።

ወደ ጉበታችን እንመለስ። ትሉ አንጀት አካባቢ ባለ የደም ሥር ውስጥ ተቀምጦ እንቁላል ይጥላል። ከእንቁላሉ ገሚሱ በሰገራ ይወጣል፣ የቀረው በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። ጉበቱ ዙሪያውን ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው ሲበዛ ደም እንደ ልቡ ማለፍ ያቅተዋል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ደም ማስታወክ ይመጣል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ማሳከክ፣ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ይኖራል።

የጉበት ካንሰርስ? ዋና መነሻዎቹ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ናቸው። ብዙ መጠጥ፣ እንዲሁም የሻገተ ለውዝና በቆሎም አሉበት። በሀገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ወጣቶች በሕፃንነታችን አልተከተብን ይሆናል ማለት ነው። ቢልሃርዚያም ሄፓታይተስም የሚያመሳስላቸው ነገር አላቸው፣ ዝም ብለው ነው የሚሠሩት። ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብለን ቅጠል ፍለጋ እስክንሄድ ድረስ ጉበቱ ብዙ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ምን እናድርግ?

✔ ሐይቁ ውስጥ በተደጋጋሚ የምትገቡ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ፣ የምትገቡበትንም ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ እንደ ክብደት ተለክቶ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ተውጦ ያልቃል። ግን ውኃው ውስጥ ከተመለሳችሁ እንደገና ሊይዛችሁ ይችላል።

✔ ከሐይቅ ቀድታችሁ የምትታጠቡ ከሆነ ውኃውን አፍሉት፣ ወይም ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን አስቀምጡት።

✔ ሐይቁ ዳር አትፀዳዱ። መንገዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

✔ የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ አድርጉ። ነፃ ከሆናችሁ ስለ ክትባቱ ሐኪም ጠይቁ።

✔ አደራ፣ ይህን አንብባችሁ እንዶድ ሐይቅ ውስጥ እንዳትጨምሩ፣ ዓሣም ይገድላል። እንዳትጠጡትም። አክሊሉ የሠሩት ተለክቶና ተጠንቶ ነው።

ዶ/ር አክሊሉ የጀመሩት ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚያየውን ውኃ ቆም ብለው በማየት ነው። እኛም ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ ስንነሳ አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ሣሩ እንይ። ከዚያ ዓሣ የሚያጠምድ ወንድም ወይም ውኃ ዳር የሚውል ታናሽ ያላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። ላይክ ማድረጉ ይቆየን፣ እሱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ብትሄዱ ይበልጥብናል።