ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ከመቅደላ አምባ እስከ ሕክምናው ድንኳን

ከከላላና ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በዚያው በደቡብ ወሎ ደጋ፣ የመቅደላ አምባ ይገኛል። አፄ ቴዎድሮስ በዚህ አምባ ላይ ሕይወታቸውን በሠዉበት በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም.፣ ጎንደር የተወለደ አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባ። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይኸው ሕፃን ናቸው።

ኮሎኔል ቻምበርሌይን የተባሉ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። እኚህ ሲሞቱ ኮሎኔል ማርቲን የትምህርታቸውን ወጪ ቻሉ፤ ቻርልስ ማርቲን የተባለው ስም ከሁለቱ መኰንኖች የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው፣ በስኮትላንድ ዕውቀታቸውን አዳብረው፣ በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ በግላስጎው ቁስልንና መሣሪያን በካርቦሊክ አሲድ ማጽዳትን አስተምሮ ነበር። የወርቅነህ ትውልድ የሠለጠነው በዚህ ሥርዓት ነው። ተሕዋስያን አንዴ ደም ውስጥ ከገቡ የሚያጠፋቸው መድኃኒት ስላልነበረ፣ የበሽተኛው ተስፋ የሐኪሙ ንጹሕ እጅና የተቀቀለ መሣሪያ ብቻ ነበር።

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899፣ አዲስ አበባ ገብተው በድንኳን ውስጥ ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። የጠፋውን የልጅ ልጃቸውን ሲያስቡ የኖሩት አያታቸውም በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩአቸው። ወርቅነህ ኋላ በትምህርት ቤት አስተዳደር፣ በጨርጨር አገረ ገዥነትና በለንደን በኢትዮጵያ ሚኒስትርነት አገለገሉ። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን በ1929 ዓ.ም. በፋሽስት እጅ ተገደሉ።

ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1952 ሲያርፉ ፔኒሲሊን በዓለም ተዳርሶ ነበር። ሆኖም መድኃኒቱን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያለ መጠን ቢወሰድ ተሕዋስያን ሊላመዱት እንደሚችሉ በ1945 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቆ ነበር። የፈራውም ደረሰ። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ተሕዋስያን ሳቢያ እንደሞቱ ተገምቷል። በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታሎችም ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር የጨቅላ ሕፃናትን ደም ሲመርዙ፣ ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት አልሠራ ይለዋል። ደምን አሳድጎ ተሕዋሱን የሚለይ ላቦራቶሪ በሌለበት ደግሞ የሚያክመው በግምት ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ ወደ ወርቅነህ ድንኳን ዘመን እንዳይመለስ የሚጠብቀው አንዱ ኃይል የምሕንድስና ሥራ ነው። በክፍሉ ቧንቧ ውስጥ የማይቋረጥ ውሃ፣ ሙቀቱን ጠብቆ የሚሠራ የእንፋሎት ማምከኛ፣ ለላቦራቶሪው የማይጠፋ መብራት፣ በአግባቡ የሚወገድ ፍሳሽ የሚገኙት በመሐንዲስ እጅ ነው። ወርቅነህ በድንኳናቸው ያልነበራቸውን ይህን ሁሉ ለዛሬው ሐኪም ማድረስ የሙያ ግዴታ ነው።