የሸረሪት ድር ያመለከተው መንገድ፤ የዊሊያም ጋስኮይን የሕይወት ታሪክ

በመንገድ ሥራ ወይም በመሬት ልኬታ ቦታ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ላይ አጎንብሶ በአንድ ዓይኑ የሚመለከት ቀያሽ ያላጋጠመው የመንግሥት ሠራተኛ የለም ማለት ይቻላል። ቀያሹ በመነጽሩ የሚያየው ማዶ የቆመውን ባለ ቁጥር ዘንግ ብቻ አይደለም። በምስሉ ላይ አንድ መስቀለኛ ቀጭን መስመር፣ ከእርሱም በላይና በታች ሁለት አጫጭር መስመሮች ይታዩታል። በሁለቱ አጫጭር መስመሮች መካከል የገባውን የዘንጉን ርዝመት አንብቦ በ100 ሲያባዛው፣ ከቆመበት እስከ ዘንጉ ያለውን ርቀት ያገኛል። ገመድ መዘርጋትም ሆነ ወንዝ መሻገር አያስፈልገውም። አልሞ ተኳሽ ወታደር በጠመንጃው መነጽር ውስጥ የሚጠቀምበት ስልትም መሠረቱ ይኸው ነው።

ይህን ስልት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ዊሊያም ጋስኮይን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሲሆን፣ ግኝቱን ለሕትመት ሳያበቃ ገና በ32 ዓመቱ ገደማ በጦር ሜዳ ወድቋል። ሥራው ከእርሱ ጋር አብሮ ሊቀበር ተቃርቦ እንደነበር ታሪኩ ያስረዳል።

ጋስኮይን የተወለደው እ.ኤ.አ በ1612 ገደማ በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር ግዛት፣ በሊድስ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ሚድልተን ነው። ቤተሰቡ በአካባቢው የታወቀ ባለርስት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበረም፤ በቤተ መንግሥት የተሾመ ሊቅም አልነበረም። የመስታወትና የብርሃንን ጠባይ በአብዛኛው በራሱ ጥረት እየሞከረ የተማረ ሰው ነው።

በዚያን ዘመን በሰሜን እንግሊዝ ሌሎች ሁለት ወጣቶች ሰማይን በትጋት ይመለከቱ ነበር። አንደኛው ጄረማያ ሆሮክስ፣ ሌላው በማንቸስተር አቅራቢያ ይኖር የነበረው የጨርቅ ነጋዴ ዊሊያም ክራብትሪ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1639 መጨረሻ ቬነስ የተባለችው ፕላኔት በፀሐይ ፊት ስታልፍ አይተው የመዘገቡት እነዚሁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጋስኮይን በ1640 ከክራብትሪ ጋር ከተዋወቀ በኋላ በደብዳቤ ሐሳብ መለዋወጥ የጀመሩ ሲሆን፣ ስለ ሥራው ዛሬ ከሚታወቀው አብዛኛው የተገኘውም ከእነዚህ ደብዳቤዎች ነው።

ሰማይን የሚለኩ ሰዎች የነበረባቸው ችግር ጠመንጃ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በባዶ ዓይን የሚያነጣጥር ሰው የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ በአፈሙዙ ጫፍ ያለውን ምልክትና ሩቅ ያለውን ዒላማ በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። ዓይን አንዱን ሲያጠራ ሌላው ይደበዝዛል። በዚህ ላይ ጤናማ ዓይን ለይቶ ሊያይ የሚችለው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ያህል ብቻ ነው። ከ1609 ጀምሮ ቴሌስኮፕ ለሰማይ ምልከታ ቢውልም ችግሩን አልፈታውም ነበር። ቴሌስኮፑ አጉልቶ ያሳያል እንጂ፣ ከሚታየው ክብ ምስል ውስጥ የትኛው ነጥብ ትክክለኛው መሐል እንደሆነ የሚያመለክት ነገር አልነበረውም።

መፍትሔው የመጣው ባልታሰበ መንገድ ነው። ጋስኮይን መሐላቸው ያበጠ ሁለት ሌንሶችን አቀናጅቶ ፀሐይን በሚመለከትበት ወቅት፣ ሸረሪት በመሣሪያው ውስጥ ድር አድርታ ነበር። በዓይኑ ሲመለከት የድሩ ክር ከፀሐይዋ ምስል ጋር እኩል ጠርቶ ታየው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ድሩን ጠርጎ ሥራውን ይቀጥል ነበር። እርሱ ግን ክሩ ለምን እንደዚያ ጠርቶ እንደታየ መመርመር ጀመረ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፊት ለፊት ያለው ሌንስ የሩቁን ነገር ምስል በቱቦው ውስጥ በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ይሠራል። በዓይን በኩል ያለው ሌንስ ደግሞ ያንን ምስል እንደ ማጉሊያ መስታወት ያጎላዋል። በመሆኑም በዚያች የምስሉ ቦታ ላይ ክር ቢወጠር ክሩና ሩቁ ነገር በአንድ ላይ ጠርተው ይታያሉ፤ ዓይን ወዲያና ወዲህ መመላለስ አይኖርበትም። ክሩ ከቦታው ትንሽ እንኳ ቢርቅ ተመልካቹ ራሱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር በዒላማው ላይ የሚዋልል ይመስላል። የጠመንጃ መነጽር የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚጠነቀቁት ለዚህ ጉድለት ነው። ጋሊሊዮ የተጠቀመበት ዓይነት ቴሌስኮፕ በዓይን በኩል ያለው ሌንስ መሐሉ የጎደጎደ በመሆኑ በቱቦው ውስጥ እንዲህ ያለ ምስል አይሠራም። ስለዚህ ሸረሪቷ በጋሊሊዮ ቱቦ ውስጥ ብታደራ ኖሮ ማንም ልብ ባላላት ነበር።

ጋስኮይን ክሮቹን በመስቀል ቅርጽ ወጥሮ የማዕዘን መለኪያ መሣሪያው ላይ በተገጠመ ቴሌስኮፕ ውስጥ አኖራቸው። ሌሊቱ ጨልሞ ክሩ አልታይ ሲል በፋኖስ ውስጥ ያለ ሻማ አስጠግቶ ብርሃን ወደ መስታወቱ እንዲገባ ያደርግ ነበር። ዛሬ በባትሪ የሚበሩ ማነጣጠሪያዎች የሚሠሩት ያንኑ ሥራ ነው።

ማነጣጠር ከተቻለ በኋላ ቀጣዩ እርምጃ መለካት ሆነ። ጋስኮይን ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶችን በምስሉ ቦታ ላይ አድርጎ በአንድ ብሎን አማካይነት እኩል እንዲቀራረቡና እንዲራራቁ አደረገ። ተመልካቹ ምላሶቹን የጨረቃን ግራና ቀኝ ጠርዝ እስኪነኩ ድረስ ያዞራል፤ ብሎኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ በሰሌዳው ላይ ያነባል። ከዚያ ተነስቶ ጨረቃ በዓይን ፊት የያዘችውን ማዕዘን ያሰላል። ማይክሮሜትር የተባለው መሣሪያ ይህ ሲሆን፣ የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን ስፋት በትክክል መለካት የተቻለው በእርሱ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ጋስኮይን በዚሁ መሣሪያ የጨረቃን ርቀት ለማግኘት መሞከሩ ነው። ጨረቃ ከአድማስ ስትወጣ ካለችበት ይልቅ ከፍ ብላ ስትታይ ለተመልካቹ ትቀርባለች፤ ልዩነቱ ቢበዛ የመሬትን ግማሽ ስፋት፣ ማለትም 6 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጨረቃ በአማካይ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ከፍ ስትል የምትጎላው በ60ኛ ክፍል ገደማ ብቻ ነው። አድማስ ላይ ገዝፋ የምትታየን ዓይናችን ስለሚያታልለን እንጂ በልኬት ሲታይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጋስኮይን ይህችን ጥቂት ልዩነት ለክቶ ርቀቷን ለማስላት አስቧል። በመሬት ላይ ያሉ ርቀቶችንም በመሣሪያው እንደሚለካ ከሞተ በኋላ ወረቀቶቹን ያነበቡ ሰዎች መስክረዋል።

የርቀት ስሌቱ ቀላል ነው። የአንድ ነገር ትክክለኛ ቁመት ከታወቀና በዓይን ፊት የያዘው ማዕዘን ከተለካ ርቀቱ በማካፈል ይገኛል። በአሁኑ ጊዜ በብዙ የጠመንጃ መነጽሮች ላይ የተሰመረው መለኪያ ሚል ይባላል። አንድ ሚል በ1 ሺህ ሜትር ርቀት ላይ 1 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ 2 ሜትር ቁመት ያለው በር በመነጽሩ ውስጥ 4 ሚል ከሸፈነ፣ 2 በ1 ሺህ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል ርቀቱ 500 ሜትር ይሆናል። ተኳሹ ርቀቱን ማወቅ ያለበት ጥይት በጉዞው ላይ ወደ መሬት እየወረደ ስለሚሄድ ነው። የስልቱ ደካማ ጎን ያለው በማካፈሉ ሳይሆን በግምቱ ላይ ነው። በሩ 2 ሜትር ነው ተብሎ ታስቦ በእርግጥ 1 ሜትር ከ80 ቢሆን ትክክለኛው ርቀት 450 ሜትር ነበር፤ የ50 ሜትር ስህተት ማለት ነው። የማጉያ መጠናቸው በሚለዋወጥ አንዳንድ መነጽሮች ላይ ደግሞ ምልክቶቹ እውነቱን የሚናገሩት በአንድ የተወሰነ የማጉያ መጠን ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ይህን ያልተረዳ ተኳሽ ስሌቱ ሁሉ ይበላሽበታል።

ጠመንጃ ራሱ ይህን ጥበብ ለማግኘት ብዙ ጠብቋል። ጆን ቻፕማን የተባለ መሐንዲስና ሞርጋን ጄምስ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ቴሌስኮፕ ያለው የጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሠሩት በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ መካከል ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሶቪየት ድራጉኖቭ ጠመንጃ የተሠራው መነጽር ደግሞ 1 ሜትር ከ70 ቁመት ላለው ሰው የተሰላ ጎባጣ መስመር ስላለው፣ ወታደሩ ማካፈል ሳያስፈልገው ርቀቱን ከመስመሩ ላይ ያነባል።

ወደ ጋስኮይን ሕይወት ስንመለስ፣ የሦስቱ ወዳጆች ዘመን አጭር ነበር። ሆሮክስ በጥር ወር 1641 በ22 ዓመቱ ገደማ በድንገት ሞተ። በ1642 በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ጋስኮይን ከንጉሡ ወገን ተሰለፈ። ሐምሌ 2 ቀን 1644 እንደዚያን ጊዜው የእንግሊዝ አቆጣጠር፣ በዮርክ ከተማ አቅራቢያ ማርስተን ሙር በተባለው ሜዳ ከ40 ሺህ በላይ ወታደሮች በተፋለሙበት ጦርነት የንጉሡ ጦር ሲሸነፍ ጋስኮይንም ከወደቁት መካከል ሆነ። በዚያ ሜዳ የነበሩት ጠመንጃዎች በክብሪት ገመድ የሚተኮሱና ለአነጣጥሮ ተኩስ የማይመቹ ነበሩ። ረቂቅ የማነጣጠሪያ ጥበብ ያገኘው ሰው ማንም በቅጡ በማያነጣጥርበት ውጊያ ሞተ። ክራብትሪም በዚያው ዓመት አረፈ። በዚህም ግኝቱን ጠንቅቀው የሚያውቁት ሰዎች በአራት ዓመታት ውስጥ አለቁ።

ነገሩን ያተረፈው የሰነድ አያያዝ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። የላንክሻየር ባለርስት የሆነው ክሪስቶፈር ታውንሊ የሟቾቹን ደብዳቤዎችና ጽሑፎች ሰብስቦ በቤቱ አኖረ። የወንድሙ ልጅ ሪቻርድ ታውንሊም መሣሪያውን አሻሽሎ መጠቀም ጀመረ። በ1666 መጨረሻ ፈረንሳዊው አድሪያን ኦዙ በራሱ መንገድ የደረሰበትን ማይክሮሜትር በለንደን ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ሲያስታውቅ፣ ሪቻርድ ታውንሊ በ1667 ደብዳቤ ጽፎ ጋስኮይን ይህንኑ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ሠርቶ ይገለገልበት እንደነበር አስረዳ። በዚያው ዓመት ሮበርት ሁክ የመሣሪያውን ሥዕል አዘጋጅቶ አሳተመ። ኦዙ ከማንም እንዳልቀዳ መታወቅ አለበት፤ በእንግሊዝ አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ደብዳቤ በፓሪስ ሊነበብ አይችልም ነበር። ጋስኮይን ሥራውን አሳትሞ ቢሆን ኖሮ ግን ከ20 ዓመት በላይ የሚሆን ጊዜ ባልባከነ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የኦዙ ባልደረባ ዣን ፒካር በ1669 እና በ1670 መስቀለኛ ክር ባለው መነጽር እያነጣጠረ የመሬትን መጠን ከቀድሞው በላቀ ትክክለኛነት ለካ። አዲሱን ነገር ያልተቀበሉም ነበሩ። በዳንዚግ ከተማ የነበረው ታዋቂው ሄቬሊየስ በባዶ ዓይን ማነጣጠሩን አልተውም በማለቱ ሁክ በ1674 በጽሑፍ ክፉኛ ነቅፎታል። ይሁንና በ1679 ወጣቱ ኤድመንድ ሃሌይ ወደ ዳንዚግ ሄዶ ጎን ለጎን ሲለካ የሽማግሌው ዓይን የሚያስገርም ትክክለኛነት እንዳለው አረጋግጧል። እንዲህ ያለ ዓይን ግን ለማንም አይወረስም፤ መስቀለኛው ክር አሸናፊ የሆነው ማንኛውም የሠለጠነ ሰው ሊጠቀምበት ስለሚችል ነው። በሀገራችንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከተራራ ተራራ በቴዎዶላይት እያነጣጠረ ሰፊ የካርታ ሥራ ያከናወነው በዚሁ ስልት ነው።

የጋስኮይንን ወረቀቶች ከታውንሊ ቤት ሄዶ ከመረመሩት መካከል በኋላ የግሪንዊች ምልከታ ጣቢያ የመጀመሪያ ኃላፊ የሆነው ጆን ፍላምስቲድ ይገኝበታል። የጋስኮይን የጨረቃ ልኬቶች ሆሮክስ ስለ ጨረቃ ጉዞ ያቀረበውን ሐሳብ የሚደግፉ ሆነው አግኝቷቸዋል። ፍላምስቲድ የዕድሜ ልክ ሥራው ታትሞ ሳያይ በ1719 ሲሞት ባለቤቱና ረዳቶቹ ሕትመቱን ፈጸሙ። በ1725 የወጣው የዚህ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ የሚጀምረው በፍላምስቲድ በራሱ ምልከታዎች ሳይሆን፣ ከ81 ዓመታት በፊት በሞቱት በጋስኮይንና በክራብትሪ ልኬቶች ነው።