ከስሮ የተነሣው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ
የቤንጃሚን ፍራንክሊን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ



ከመካከላችን ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ ትንሽ ንግድ የጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ የከሰረ ወጣት አይታጣም። እንዲህ ያለው ወጣት ከገንዘቡ ጋር ድፍረቱንም ያጣል፤ ከጓደኞቹ ይሸሻል፤ ዳግመኛ መሞከርም ያሳፍረዋል። በዚህ ዕትም የቤንጃሚን ፍራንክሊንን ታሪክ የመረጥነው ስለዚህ ነው። ፍራንክሊን በመብረቅ ላይ ባደረገው ምርምርና ለአሜሪካ ነፃነት በፈጸመው ሥራ በዓለም የታወቀ ሰው ነው። እኛ ግን የምንመለከተው የገንዘብን ነገር እንዴት እንደ ተማረና የተማረውን ለወጣቶች እንዴት እንዳስተላለፈ ነው።

ፍራንክሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1706 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ሻማና ሳሙና የሚሠራ፣ 17 ልጆች የወለደ ሰው ስለ ነበረ፣ ልጁ በትምህርት ቤት የቆየው 2 ዓመት ያህል ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የገንዘብ ትምህርት ያገኘው በ7 ዓመቱ ነበር። በበዓል ቀን የተሰጠውን ሳንቲም ሁሉ ከፍሎ አንዲት ፊሽካ ገዛ። ቤት ሲደርስ ወንድሞቹና እህቶቹ ከዋጋዋ አራት እጥፍ መክፈሉን ነግረው ሳቁበት፤ እሱም አለቀሰ። ካደገ በኋላ የማያስፈልገውን ነገር ለመግዛት ሲያምረው ያቺ ፊሽካ ትታወሰው ነበር።

በ12 ዓመቱ የኅትመት ሥራ እንዲማር ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ ተሰጠ። ወንድሙ እየመታ ስላስመረረው በ1723 ዓ.ም. ጠፍቶ ፊላደልፊያ ገባ። በኪሱ የነበረው አንድ ዶላርና ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነበር። በዚያም የአገሩ ገዥ ዊሊያም ኪዝ ማተሚያ ቤት እንደሚያቋቁምለት፣ ለዕቃው መግዣ የሚሆን የዋስትና ደብዳቤም እንደሚጽፍለት ተስፋ ሰጠው። ፍራንክሊን በ1724 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ለንደን ሲደርስ ግን አንድም ደብዳቤ አልተጻፈለትም። በ18 ዓመቱ ዘመድ በሌለበት አገር ቀረ። ሆኖም እጁ ሙያ ያውቅ ነበርና በማተሚያ ቤቶች ተቀጠረ። ባልደረቦቹ ቢራ ሲጠጡ እሱ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ ወጪውም በዚያው ልክ ቀነሰ።

ነገር ግን ጥፋት አልነበረበትም አንልም። ቨርኖን የተባለ ሰው 35 ፓውንድ ያህል ዕዳ ተቀብሎ እንዲያኖርለት አደራ ቢሰጠው፣ ፍራንክሊን ገንዘቡን ለጠጪ ጓደኛው እያበደረ አጠፋው። ባለገንዘቡ ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ እያለ ለዓመታት ተጨነቀ፤ በመጨረሻም ከነወለዱ ከፈለ። በ1726 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲመለስ በመርከብ ላይ ለራሱ ደንብ ጻፈ፤ ይኸውም ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ በቁጠባ ሊኖር፣ በአንድ ጊዜ ለመክበር ከማሰብም ሊርቅ ነው።

በ1728 ዓ.ም. ከባልንጀራው ከሂዩ ሜሬዲዝ ጋር ማተሚያ ቤት ከፈቱ። ሜሬዲዝ መጠጥ ወዳጅ ነበር፤ አባቱም ለመሣሪያው ሊከፍል የገባውን ገንዘብ ግማሹን ሳይከፍል ቀረ። ባለዕዳዎቹ ተከሰሱ፤ ድርጅቱም ሊፈርስ ተቃረበ። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ዊሊያም ኮልማንና ሮበርት ግሬስ የተባሉ ሁለት ወዳጆቹ፣ አንዱ ሌላውን ሳያማክር፣ ገንዘብ ሊያበድሩት መጡ። ፍራንክሊንም እኩሌታውን ከአንዱ፣ እኩሌታውን ከሌላው ተበደረ። ይህን ያህል ያመኑት የገዛውን ወረቀት በጋሪ እየገፋ በከተማው መንገድ ሲያልፍ የሚያዩት ትጉህ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ከዚያም በኋላ መውደቅ አልቀረለትም። በ1732 ዓ.ም. የጀመረው የጀርመንኛ ጋዜጣ ወዲያው ቆመ፤ በ1741 ዓ.ም. ያወጣው መጽሔትም ከ6 ዕትም አላለፈም። ያልሸጠለትን ትቶ የሚሸጥለትን ያዘ፤ የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፉ በየዓመቱ 10,000 ያህል ይሸጥ ነበር።

ሀብት ካገኘ በኋላ ለወጣቶች ያደረገው ነገር ይበልጥ ያስደንቀናል። ጎበዝ ሠራተኞቹን ወደ ሌላ ከተማ እየላከ መሣሪያ ይሰጣቸው፣ የወጪውን ሢሶ ይከፍል፣ የትርፉንም ሢሶ ይወስድ ነበር። ውሉ ሲያልቅ ብዙዎቹ መሣሪያውን ገዝተው ራሳቸውን ቻሉ። ከእነዚህ አንዱ በቻርልስተን የነበረው ሉዊስ ቲሞቲ በ1738 ዓ.ም. ሲሞት ሚስቱ ኤልሳቤጥ ሥራውን ተረከበች። ባሏ የሒሳብ መግለጫ በወጉ አይልክም ነበር፤ እሷ ግን በትውልድ አገሯ በሆላንድ ሒሳብ አያያዝ ተምራ ስለ ነበር በየሦስት ወሩ አጥርታ ትልክ ጀመር። ልጆቿን አሳደገች፤ ማተሚያ ቤቱንም ለልጇ ገዛች። ፍራንክሊን ይህን አይቶ ሴቶች ልጆች ሒሳብ አያያዝ እንዲማሩ አጥብቆ መክሯል።

ጉድለቱንም መደበቅ አይገባንም። ጋዜጣው የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ እያወጣ ገንዘብ ተቀብሏል፤ እሱም ባሪያዎች ነበሩት። በ1787 ዓ.ም. ግን የባሪያ ንግድን የሚቃወም ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። ትርፍ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ፍራንክሊን በ1790 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ ሲያርፍ ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተናዘዘ። ገንዘቡ ሙያ ተምረው ላገቡ፣ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ወጣቶች በ5 በመቶ ወለድ እንዲበደር አዘዘ። ተበዳሪው እንደ ዕቁብ ሁለት ዋስ ይጠራል፤ በየዓመቱም አንድ አሥረኛውን ይመልሳል። የተመለሰው ደግሞ ለሌላ ወጣት ይበደራል። ይህን ያደረገው እሱ ራሱ በሁለት ወዳጆች ብድር ስለ ተነሣ መሆኑን በኑዛዜው ገልጿል። አንዳንዶች ሳይከፍሉ ቢቀሩም ገንዘቡ 200 ዓመት ኖረ፤ በ1990 ዓ.ም. የቦስተኑ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ የፊላደልፊያው 2 ሚሊዮን ያህል ደርሶ ነበር።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፤ የገባና የወጣውን በደብተር እንጻፍ፤ በአደራ የተቀበልነውን ገንዘብ ከራሳችን ገንዘብ ጋር አንቀላቅል። ጓደኛችን ቢከስር አንሳቅበት፤ የት ላይ እንደ ተሳሳተ አብረነው እናስላ፤ ትጋቱን ካየንም ዋስ እንሁነው። ኮልማንና ግሬስ በዚያ ቀን ባይመጡ ኖሮ ፍራንክሊንም ከስሮ በቀረ ነበር።