አሞ ለማን ጻፈ?

የአፍሪካ ፈላስፋ ጥሩ ብትባሉ ስንት ስም ትጠራላችሁ? እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይህ ጥያቄ ቢቀርብልኝ ዘርዓ ያዕቆብ ብዬ፣ ከዚያ በኋላ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የማየው። ፍልስፍና አልተማርኩም እንዳልል አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተምሬአለሁ። ዴካርት ምን እንዳሰበ፣ ካንት ምን እንደጻፈ ለፈተና ሸምድጃለሁ። ከአፍሪካ ጠረፍ የሄደ ሰው ዴካርትን በላቲን እንደሞገተ፣ ጀርመን አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዳስተማረ ግን ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ስሙን ያገኘሁት ከስንት ዓመት በኋላ፣ ስልኬ ላይ ዜና ሳገላብጥ ነው። በርሊን መሃል ከተማ፣ ጥቁር ሰውን በሚያንቋሽሽ ቃል ለዘመናት ሲጠራ የኖረ ጎዳና ነበር። ከብዙ ክርክርና ከፍርድ ቤት ሙግት በኋላ በኦገስት 2025 ስሙ ተቀየረ። አሁን አንቶን ቪልሄልም አሞ ጎዳና ይባላል። ማነው ደግሞ እሱ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እስቲ ታሪኩን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሞ የተወለደው በ1703 ገደማ፣ በዛሬዋ ጋና ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ አክሲም በምትባል ከተማ አካባቢ ነው። በዚያ ዘመን ጠረፉ በአውሮፓውያን ምሽግ የተሞላ ነበር። ወርቅ ይገዛሉ፤ ሰውም ይገዛሉ። አሞ ገና አራት ዓመት ገደማ ሕፃን ሳለ የሆላንድ ዌስት ኢንዲያ ኩባንያ ወደ አምስተርዳም ወሰደው። በባርነት ነው የሚሉ አሉ፤ ሰባኪ እንዲሆን ለትምህርት ተልኮ ነው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ ሕፃኑ ፈቃዱን አልተጠየቀም። ከዚያ የብራውንሽቫይግ-ቮልፈንቡተል መስፍን ለነበሩት ለአንቶን ኡልሪሽ ስጦታ ሆኖ ተሰጠ። ልብ በሉ፣ ስጦታ! እንደ ሰዓት፣ እንደ ፈረስ። የዚያ ዘመን መኳንንት ጥቁር ልጅ ግቢያቸው ውስጥ ማኖርን የክብር ምልክት ያደርጉት ነበር።

በ1708 ተጠመቀ። አንቶን የሚለው ስም ከመስፍኑ፣ ቪልሄልም ደግሞ ከመስፍኑ ልጅ የመጣ ነው። ከቤቱ ይዞት የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አሞ። ያችን ቃል ግን አልጣላትም። አድጎ የተማረ ሰው ሲሆን በስሙ ላይ አሞ ብሎ፣ አፈር የሚል ይጨምርበት ነበር። አፈር በላቲን አፍሪካዊ ማለት ነው። እኛ ቋንቋ ውስጥ የያዘው ትርጉም ሌላ ቢሆንም፣ እንዲህ ሳነበው የአገሩን አፈር በስሙ ይዞ የሚዞር ሰው ይመስለኛል።

ቤተ መንግሥቱ አስተማረው። በ1727 ሃሌ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ ማጥናት ጀመረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ለአደባባይ ክርክር ያቀረበው ርዕስ ምን መሰላችሁ? አውሮፓ ውስጥ የሚኖሩ ጥቁሮች መብት! ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር፦ ክርስቲያኖች የገዙት አፍሪካዊ ባሪያ ሆኖ እንዲቀር ሕጉ በእርግጥ ይፈቅዳል ወይ? የመከራከሪያ ነጥቡን ያገኘው ከራሳቸው ከአውሮፓውያን ታሪክ ነው። የአፍሪካ ነገሥታት በጥንቱ የሮም ሕግ በንጉሠ ነገሥቱ ሥር እውቅና የነበራቸው ገዢዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ሕዝባቸው እንደ ዕቃ የሚሸጥበት መሠረት የለም ይላል። እንደ ስጦታ የተሰጠው ልጅ ሃያዎቹን ሲያጋምስ የሰጪዎቹን ሕግ መጽሐፍ ገልጦ ነው የሞገታቸው። የሚያሳዝነው ግን ጽሑፉ ዛሬ የለም። ያለን በጊዜው የከተማው ጋዜጣ ላይ የወጣ አጭር ማጠቃለያ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ቪተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። እዚያ ተከበረ። በ1733 የሳክሶኒ ገዢ ከተማዋን ሲጎበኝ የተማሪዎቹን ሰልፍ እንዲመራ የተመረጠው አሞ ነው። በ1734 ደግሞ ስሙን ያስጠራውን ጽሑፍ አቀረበ።

ጽሑፉ ከባድ ይመስላል እንጂ ሐሳቡን መያዝ ይቻላል። ዴካርት ሰውን አእምሮና አካል ብሎ ለሁለት ከፍሎት ነበር። አሞ ክፍፍሉን ተቀብሎ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ታዲያ የሚሰማው የትኛው ነው? ቡና ስትቀዱ ጀበናው ጣታችሁን አቃጠላችሁ እንበል። ሕመሙ የደረሰው ማን ላይ ነው? አእምሮ መንፈስ ከሆነ፣ መንፈስ ደግሞ የሚሠራ እንጂ ከውጭ የሚሠራበት ካልሆነ፣ ሕመም ሊደርስበት አይችልም። የሚሰማው ሕያው አካል ነው፤ አእምሮ ያውቀዋል፣ ያስብበታል እንጂ አይሰማውም። እናም ዴካርት ሁለቱን ለያይቶ ሲያበቃ አእምሮ ይሰማዋል ማለቱ እርስ በርሱ ይጋጫል አለ። መልሱን ተቀበሉትም አልተቀበላችሁትም፣ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊም ሲያወድሱት አፍሪካ እነ ቴርቱሊያንን፣ እነ አውግስጢኖስን ያፈራች ምድር መሆኗን አንስተው ነበር።

በ1736 ሃሌ ተመልሶ ማስተማር ጀመረ። በ1738 በረጋ መንፈስና በጥንቃቄ ስለ መፈላሰፍ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። ቀጥሎም የና ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። እንግዲህ ሕይወት ተሳካ ማለት ይህ አይደል?

አልሆነም። ያሳደጉትና የደገፉት መሳፍንት አንድ በአንድ ሞቱ። በ1747 ደግሞ አንድ ገጣሚ፣ አሞ ለአንዲት ጀርመናዊት የፍቅር ጥያቄ አቅርቦ እንዳፈረ አድርጎ የሚያላግጥ ግጥም ሃሌ ላይ አሳተመ። የዛሬ ሰው ቢሆን በየስልኩ ይዞር ነበር ትላላችሁ፤ የያኔዋ ሃሌ ግን ትንሽ ከተማ ናት፣ ስልክ አያስፈልጋትም። በዚያው ሰሞን አካባቢ አሞ ጀርመንን ጥሎ ሄደ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ አክሲም፣ ወደማያስታውሰው ቤቱ ተመለሰ።

በ1753 እዚያ ያገኘው አንድ የመርከብ ሐኪም ነው። አሞ አገሩ ገብቶ ስለኖረው ኑሮ የምናውቀው በዚህ ሰው ማስታወሻ በኩል ሲሆን፣ ሰውየው ደግሞ በባሪያ መርከቦች ላይ የሚሠራ ነበር። በማስታወሻው መሠረት የአሞ አባትና አንዲት እህቱ በሕይወት ነበሩ፤ ከጠረፉ የአራት ቀን መንገድ ገባ ብሎ ይኖሩ ነበር። ወንድሙ ግን በባርነት ደቡብ አሜሪካ፣ ሱሪናም ነበር። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም እቆማለሁ። ከአንድ እናት ቤት የወጡ ሁለት ልጆች፤ አንዱ ከዴካርት ጋር ተሟገተ፣ ሌላው ሱሪናም ላይ ባሪያ ሆኖ ቀረ።

አሞ ብቻውን፣ እንደ መናኝ ይኖር ነበር። ሰዉም ጠንቋይ፣ የወደፊቱን የሚያይ ሰው አድርጎ ይቆጥረው ነበር። በእኛ አነጋገር አዋቂ ሆነ ማለት ነው። እውነት ነው፣ አዋቂ ነበር። ግን የሚያውቀው ነገር በላቲን ታትሞ ሃሌና ቪተንበርግ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። በኋላ ሻማ ወደሚገኝ የሆላንዶች ምሽግ ተዛወረ፤ በ1759 ገደማ ሞቶ የተቀበረውም እዚያው ነው።

የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማ በ1964 ባወጡት የፍልስፍና መጽሐፋቸው ስሙን በኩራት አንስተውታል። የቤኒኑ ፈላስፋ ፖሊን ሁንቶንጂ ግን በ1970ዎቹ ኩራቱ ላይ ጥያቄ ጨመረ። የአሞን ታላቅነት አልተጠራጠረም። ያሳሰበው ሌላ ነው፦ አንድ አፍሪካዊ ያሰበው ሁሉ ለአውሮፓውያን አንባቢ፣ በአውሮፓውያን ክርክር ውስጥ ሲቀር፣ የወጣበት ሕዝብ ምን ይደርሰዋል? ተቀብሎ የሚሞግተው፣ አርሞ የሚያሳድገው የአገሩ ሰው ከሌለ ፍልስፍናው የማን ነው?

ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ስለ ሽምግልና ነበር። ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰዓታት ሙሉ በአማርኛ አስረዱኝ፦ ለምን ተበዳይ ቀድሞ እንደሚሰማ፣ ለምን ነገር በአንድ ቀን እንደማይቆረጥ። እኔ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ጠርዤ አስረከብኩ። ከዓመት በኋላ መንገድ ላይ ያገኙኝ አንድ አባት፣ ልጄ ያ ነገር ምን ደረሰ፣ ምን ብለህ ጻፍከው ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት ብዬ አመሰገንኳቸው። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ውጤት አልነበረም።

በአሞ አልፈርድም። በአራት ዓመቱ የተወሰደ ልጅ በማን ቋንቋ ይጻፍ? ምርጫ አልነበረውም። እኔ ግን ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። ሰሞኑን ያንን ጽሑፍ ከሳጥን አውጥቼ በአማርኛ እየጻፍኩት ነው። ሳይቸግረኝ በእንግሊዝኛ ቀላል አድርጌ ያለፍኩት ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ አላልፍም እያለኝ ነው፤ ምክንያቱም አሁን አንባቢዬ ያውቀዋል፤ ከተሳሳትኩ ይይዘኛል። ስጨርስ ለእኚያ አባት እወስድላቸዋለሁ።

እናንተስ መሳቢያ ውስጥ የጣላችሁት ነገር የለም?