ከበረዶው ሐይቅ ዳር እስከ ዓባይ ዳር
የቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ ሕይወት

በዚህ እትማችን የምናቀርብላችሁ የቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒን ታሪክ ነው። ሕይወቱ በአልፕስ ተራሮች ሥር በሐይቅ ዳር ተጀምሮ፣ ክልላችንን አቋርጦ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝባት በካርቱም ተፈጸመ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሊሞኔ በሰሜን ኢጣልያ በጋርዳ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከኋላዋ ገደሉ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ፣ የሐይቁን ዳር የሚከተለው የመኪና መንገድ በ1930ዎቹ መጀመሪያ እስኪከፈት ድረስ ወደ እርስዋ የሚገባው በጀልባ ወይም በተራራ የእግር መንገድ ብቻ ነበር። በሞቃቱ ወራት ብዙ አገር ጎብኚ ይመጣባታል። በዲሴምበርና በጃንዋሪ የሚሄድ መንፈሳዊ ተጓዥ ግን ከተማይቱን በጸጥታዋ፣ ከፍተኞቹን ተራሮችም በረዶ ለብሰው ያገኛቸዋል። ቅዱሱ የተወለደበት ቤት ቴዞል በተባለው ስፍራ እስከ ዛሬ ይጎበኛል።

በዚህ ብርድ በሚበረታበት አገር የሞቃት አገር ተክል የሆነው ሎሚ ይለማ ነበር። አትክልተኞቹ በተራራው ተዳፋት ላይ የግንብ አጥርና ረጃጅም የድንጋይ ምሰሶዎች አቁመው፣ የብርዱ ወራት ሲቃረብ ዛፎቹን በሳንቃና በመስታወት ይሸፍኗቸዋል፤ ውርጩ ሲጠና ደግሞ በውስጡ እሳት ያነዳሉ። በአሶሳ ማንጎ በየግቢው ያለ አንዳች ከለላ ሲያፈራ ለምናይ ለእኛ ይህ ድካም ያስደንቃል። የዳንኤል አባት ሉዊጂ ኮምቦኒ በእንዲህ ያለ የባለ ሀብት የሎሚ አትክልት ስፍራ ተቀጥረው የሚሠሩ ድኻ አትክልተኛ ነበሩ።

ዳንኤል ማርች 15 ቀን 1831 ተወለደ። ሉዊጂና ባለቤታቸው ዶሜኒካ ካፈሯቸው ስምንት ልጆች ሌሎቹን ሞት ስለ ወሰዳቸው፣ በኋላ ለወላጆቹ የቀረ ልጅ እርሱ ብቻ ሆነ። በ12 ዓመቱ አባ ኒኮላ ማዛ ለድኾች ልጆች ወዳቋቋሙት የቬሮና ትምህርት ቤት ገባ። ከሱዳን የተመለሰ ልኡክ ስለ አፍሪቃ ሲናገር ሰምቶ ልቡ ስለ ነደደ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1849 የጌታ መገለጥ በሚከበርበት ዕለት፣ ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሕይወቱን ለአፍሪቃ ለመስጠት በመምህሩ ፊት ቃል ገባ። ዲሴምበር 31 ቀን 1854 በተራሮች በተከበበችው በትሬንቶ ከተማ ከጳጳሱ ከዮሐንስ ኔፖሙክ ቺዴረር እጅ ክህነት ተቀበለ። እኚህም ጳጳስ በ1995 ብፅዕናቸው ታውጆአል።

የጉዞው ጊዜ ሲቀርብ ግን ካህኑ በብርቱ ተጨነቀ። እርሱ ከሄደ አባትና እናቱ በእርጅናቸው ያለ ጧሪ ይቀራሉ። ለቀናት በሱባኤ ተቀምጦ ጸለየ፤ ከአንድ አስተዋይ የንስሐ አባት ጋር ተማከረ፤ ወላጆቹም እያለቀሱ መረቁት። በ1857 ከጓደኞቹ ጋር ተነሣ። የጉዞው መሪ አባ ጆቫኒ ቤልትራሜ ነበሩ፤ እኚህ ካህን ቀደም ብለው፣ በ1850ዎቹ አጋማሽ፣ ከካርቱም ተነሥተው የዓባይን ወንዝ በመከተል እስከ ቤኒሻንጉል ምድር ደርሰው የነበሩ ናቸው።

ልኡካኑ በፌብርዋሪ 1858 በነጭ ዓባይ ዳር በዲንቃ ሕዝብ መካከል ደረሱ። ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ አባ ፍራንቸስኮ ኦሊቦኒ በንዳድ ሞቱ። በዚያው ዓመት የዳንኤል እናት በሊሞኔ ዐረፉ፤ መርዶው የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። እርሱም በ1859 በሕመም ተሸንፎ ወደ አገሩ ተመለሰ።

አውሮፓውያን ልኡካን በአፍሪቃ ሙቀትና ወባ ሲያልቁ፣ ከባርነት ነጻ ወጥተው ለትምህርት ወደ አውሮፓ ከተወሰዱት የአፍሪቃ ልጆች መካከል ደግሞ ብዙዎቹ በብርዱ ታመው ይሞቱ ነበር። ብዙዎች ሥራው ከንቱ ነው ብለው ሊተዉት ተቃረቡ። ኮምቦኒ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1864 በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር አጠገብ ሲጸልይ አዲስ ሐሳብ መጣለት። አውሮፓዊውም አፍሪቃዊውም ጤናው ሳይጎዳ ሊኖር በሚችልባቸው የአፍሪቃ ጠረፎች ትምህርት ቤቶች ይከፈቱ፤ ከእነርሱም አፍሪቃውያን ካህናት፣ ደናግል፣ መምህራንና የእጅ ባለሙያዎች ይውጡ፤ እነዚህም ወደ ውስጥ ገብተው ወገኖቻቸውን ያስተምሩ የሚል ነበር። ይህን ሐሳብ ከአባቱ አትክልት ስፍራ ወሰደው ብለን አንናገርም። ነገር ግን ተክል ከምድሩና ከአየሩ ሲለይ ምን ያህል ከለላ እንደሚያሻው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያየ ሰው ነበር።

ለዚህ ዓላማ የአውሮፓን ከተሞች እየዞረ እርዳታ ለመነ። ከወዳጆቹ አንዱ፣ በተራራማዋ የብሪክሰን ከተማ አጠገብ የሚኖሩት አባ ሚተሩትስነር፣ ልኡካኑ ከላኩላቸው ጽሑፎች የዲንቃን ቋንቋ ሰዋስው በ1866፣ የባሪን ደግሞ በ1867 በዚያች ከተማ አሳተሙ። ኮምቦኒ በ1867 የወንዶችን፣ በ1872 የደናግልን ማኅበር በቬሮና መሠረተ፤ በ1877 የመካከለኛው አፍሪቃ ጳጳስ ሆነ። ወዲያው ድርቅና ረኃብ ሀገረ ስብከቱን መታው፤ ካህናቱና ደናግሉ በላይ በላዩ ሞቱበት። የባሪያን ንግድ መቃወሙን ግን አልተወም፤ ለአረጋዊ አባቱም እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ ይጽፍ ነበር። ኦክቶበር 10 ቀን 1881 በ50 ዓመቱ በካርቱም በንዳድ ዐረፈ።

በ1885 ካርቱም በማህዲ ሠራዊት እጅ ወደቀች፤ የቅዱሱም መቃብር ተደፈረ። ሰው ሁሉ ሥራው አለቀ ባለበት ጊዜ፣ ከባርነት አምልጦ ኮምቦኒን የተጠጋው የዲንቃ ልጅ ዳንኤል ሶሩር በ1887 ክህነት ተቀበለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ኮምቦኒን በ1996 ብፁዕ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2003 ቅዱስ ብለው ዐወጁት። የማኅበሮቹ ልጆችም በክልላችን በመተከል፣ በጉሙዝ ወገኖቻችን መካከል አገልግለዋል።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በጉሙዝኛ ወይም በበርታኛ ወንጌልን ለሕፃናት ስታስረዱ፣ ኮምቦኒ በ1864 የተመኘውን ሥራ እየፈጸማችሁ ነው። ደመወዙ ጥቂት፣ መንገዱም ረጅም ሲሆንባችሁ፣ አንድያ ልጃቸውን ለዚህ ሥራ የሰጡትን የሊሞኔን አትክልተኛ አስቡ። የቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ አማላጅነት አይለየን። አሜን።