የጫጩቷን ነርቭ የመረመሩት ሊቅ

እኛ የጎጃም ልጆች፥ ጫጩት እናት ባይኖራት እንኳ ማንም ሳያስተምራት ጥሬ ስትለቅም እያየን አደግን። የዚህን ነገር መሠረት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ በ1852 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ናቸው። ልጅ ሳሉ ሠዓሊ ለመሆን ቢመኙ፥ አባታቸው ሐኪም እንዲሆኑ አስገደዷቸው። በ1888 ጣሊያናዊው ጎልጂ በፈለሰፉት የብር ማቅለሚያ የአእዋፍን አንጎል መርምረው፥ የነርቭ ሕዋሳት እንደ መረብ የተቋጠሩ ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው የተለዩ መሆናቸውን ገለጡ። በ1890 ደግሞ በጫጩት ሽል ውስጥ የነርቭ ጫፍ መንገዱን እየፈለገ እንደሚያድግ አሳዩ። ጫጩቷ ገና ሳትፈለፈል የመልቀሟ መንገድ የሚዘረጋው እንዲህ ነው። ጎልጂ ሐሳባቸውን ባይቀበሉም፥ በ1906 የኖቤልን ሽልማት አብረው ተሸለሙ። ካሃል በ1934 ማድሪድ ላይ ዐረፉ። የተከለከሉትን ሥዕል ግን አልተዉትም፤ በማይክሮስኮፕ ያዩትን በእጃቸው እየሣሉ ዓለምን አስተማሩበት። ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንጨርስ እኛም የወላጆቻችንን ፈቃድ ስንፈጽም የልባችንን ስጦታ አንጣል።