የምድር መንቀጥቀጥን ዜና መዋዕል የጻፉት አባ ፒየር ጉዌን

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ከመተሐራ እስከ አዳማ፣ ከዚያም አልፎ በአዲስ አበባ ብዙዎች አንድ ጥያቄ ያነሡ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ቀደም ደርሶ ያውቃልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ የሚገልጠው መጽሐፍ አንድ ካናዳዊ ካህን ያዘጋጁት ነው።

አባ ፒየር ጉዌን የጄስዊት ማኅበር አባል ነበሩ። ማኅበርተኞቻቸው በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን ከኩቤክ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር፣ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊ የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ማዕከል ተቋቋመ። አባ ጉዌንም ማዕከሉን መሥርተው ለሃያ ዓመታት ያህል መሩት።

ብዙም ሳይቆይ ምድር ራሷ ሥራ አበዛችባቸው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የጀመረው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራረሰ፤ ወደ ደሴ የሚወስደውንም አውራ ጎዳና ሰነጣጠቀ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ምድር የሰርዶ ከተማ ወደመች፤ ከ20 በላይ ሰዎችም ሞቱ።

መሣሪያ የዛሬውን እንጂ ያለፈውን አይመዘግብም። ስለዚህ አባ ጉዌን ከመሣሪያው ወደ መዛግብት ተሻገሩ። የነገሥታትን ዜና መዋዕል፣ የተጓዦችን ማስታወሻ፣ የሚሲዮናውያንን ደብዳቤና ጋዜጦችን መረመሩ። የትኛው ቤት እንደፈረሰ፣ የትኛው ግድግዳ እንደተሰነጠቀ፣ ሰው ምን ያህል እንደደነገጠ እያነጻጸሩ የእያንዳንዱን መንቀጥቀጥ ቦታና ኃይል ገመቱ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያናወጠው ታላቅ መንቀጥቀጥ ከእነዚህ አንዱ ነው። መነሻው በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ በላንጋኖ አካባቢ እንደነበረ ይገመታል፤ መጠኑም ከ6.5 በላይ ነበር።

የሥራ ባልደረባቸው የነበሩት ፖል ሞር በሸለቆው ወለል ላይ የተዘረጋውን የስንጥቅ መስመር በአዳማ አጠገብ ባለችው በወንጂ ስም ሰየሙት፤ የዓለም የሥነ ምድር ሊቃውንትም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሸለቆው በዓመት ግማሽ ሳንቲም ሜትር ገደማ እየሰፋ ነው። የሶደሬ ፍል ውኃ፣ የፈንታሌ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በየጊዜው የሚሰማው ንቅናቄ ሁሉ የዚሁ መለጠጥ ምልክቶች ናቸው።

አባ ጉዌን እ.ኤ.አ. በ1976 ኢትዮጵያን በመንቀጥቀጥ ቀጣናዎች የከፈለ ጥናት አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያለውን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ሥራቸውን አልተዉም፤ በእርጅናቸው የኩቤክን የጥንት መንቀጥቀጦች በዚያው መንገድ ሰብስበው ጻፉ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የመሠረቱት ማዕከል ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዛሬም የምድርን ንቅናቄ ይከታተላል።

መዝገባቸውን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በ1898 ዓ.ም. በሸለቆው ውስጥ የነበረው አብዛኛው መኖሪያ ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ጎጆ ነበር፤ ከተሞቹም ጥቂት ነበሩ። ጎጆ ቢናወጥ እንኳ በሰው ላይ የሚጭነው ክብደት ጥቂት ነው። ዛሬ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ የብሎኬት ቤትና ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። የያኔው ጉዳት ማነሱ የምድሪቱን ገርነት አያሳይም፤ በላይዋ የቆመው ነገር ቀላል ስለነበር ነው። አዲስ ቤት ለመሥራት መሠረት የሚያስቆፍር ሁሉ፣ ብረቱንና ሲሚንቶውን ከመቆጠቡ በፊት ይህን ቢያስብ ይበጀዋል።